የማይለምን ክንድ

የሚንከባከባት የማሽን ክንድ በጣራው ሐዲድ ላይ ተንሸራቶ አልጋዋ ጋ ሲደርስ ይመኙሻል ካሣው ነቅታ ነበር። ሁልጊዜም ትቀድመዋለች። ግን ዓይኗን ጨፍና ትጠብቀዋለች እንጂ መንቃቷን አታሳውቀውም። ነቅቻለሁ ካለች ወዲያው ያነሳታል፤ ከተነሳች ደግሞ ቀኑ ረጅም ነው።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሪት ይመኙሻል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደህና ማደርዎ ተመዝግቧል።»

ደህና አላደረችም። ግራ እግሯ ሌሊቱን ሙሉ ሲገተር ነው ያደረው። ነገር ግን እንዴት አደርሽ ስትባል «እግሬ ሲገተር አደረ» ብላ የምትጀምር ልጅ እናቷ አላሳደገችም። መጀመሪያ ይመስገን ይባላል። ከዚያ ጠያቂው «ምነው ታዲያ ፊትሽ ገረጣ?» ይላል። ከዚያ «ምን እባክህ፣ ይቺ እግሬ እኮ» ይባልና ወሬው ይጀመራል። ክንዱ ሁለተኛውን ጥያቄ አይጠይቅም። የመጀመሪያውን መልስ መዝግቦ ወደ መታጠቢያው ይወስዳታል።

ኮምቦልቻ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሕንጻዎች ብዙ ናቸው። የተሠሩት ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ ልጆቻቸው ለራቁባቸው ሽማግሌዎች፣ ለዓይነ ስውራን፣ እንደ ይመኙሻል ከሴሬብራል ፓልሲ ጋር ለሚኖሩ። ጠዋት ጠዋት የሐዲዱ ድምፅ ከላይኛው ፎቅ እስከ ታችኛው ይሰማል። ጎረቤቶች የሚተዋወቁት በክንዶቻቸው ነው። ከይመኙሻል ግድግዳ ማዶ ያለው ክንድ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሰውየው ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ክንዱ ቅባት እንደሚያስፈልገው ግን ታውቃለች።

ስትወለድ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። እጆቿ ወደ ደረቷ ተሰብስበው የቀሩት፣ እግሮቿ አልታዘዝ ያሏት፣ ምላሷም ሌላው ሰው አንድ ወሬ በሚጨርስበት ጊዜ አንድ ቃል ብቻ የሚያወጣላት ከዚያ ወዲህ ነው። አእምሮዋ ምንም አልሆነም። የትምህርት ቤት መጻሕፍትን የዓይኗን እንቅስቃሴ በሚከተል ስክሪን እያረመች ትተዳደራለች፤ የወልድያ ልጆች የሚያነቡት ጂኦግራፊ በሷ ዓይን ሥር ያለፈ ነው። ለሥራ ጉዳይ ከሰው ጋር ስትነጋገር ምትክ ድምፁን ትጠቀማለች። ምትክ ድምፁ የከንፈሯን እንቅስቃሴ አይቶ፣ እሷ ሳትጨርስ ቃሏን ይጨርስላታል። የአንዲት ለስላሳ ሴት ድምፅ ነው፤ ወሎን ረግጣ የማታውቅ ሴት።

ቁርስ ላይ ክንዱ ማንኪያውን በልኳ ያቀርባል። አያፈስም፣ አይቸኩልም፣ አያንቃትም። ምግብ አፏ ውስጥ እያለ መልስ እንድትሰጠው አይፈልግም፤ የጠየቃት ነገር ካለ አላምጣ እስክትውጥ ይጠብቃል። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል፤ እንደ እጅ ከሆነ ከብዙ ሰው እጅ ይሻላል።

«ልጨምርልዎ?»

«በቃኝ።»

«ምርጫዎ ተከብሯል።»

ሳህኑ ይነሳል። ይመኙሻል አልጠገበችም።

ክንዱ ደግሞ እንዳይጠይቅ የሚከለክለውን ሕግ ያመጣችው ራሷ ናት ማለት ይቻላል። ወጣት ሳለች ደሴ ፒያሳ ላይ በተደረገው ሰልፍ ዊልቸሯ ከፊት ነበር፤ ከጀርባው «አንዴ ተናግሬያለሁ» የሚል ጽሑፍ አንጠልጥላ። ምክንያት ነበራት። በልጅነቷ በቃኝ ስትል አገጯን ይዘው ያጎርሷት ነበር። አልፈልግም ስትል «እሷ ምን ታውቃለች» ይባል ነበር። ሐኪም ቤት ስትሄድ የት እንዳመማት የምትጠየቀው እናቷ ነበረች። ሰልፉ ብዙ ዓመት ፈጅቶ የአንድ ቃል ሕግ ወጣ። እንክብካቤ የሚደረግለት ሰው አንድ ጊዜ የተናገረው ቃል ይከበራል፤ ደግሞ መጠየቅ፣ ማግባባት፣ መለማመጥ ጫና ነው፤ ጫና ያደረገ ከዚያ ቤት ይታገዳል። ይመኙሻል ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት ሰውነቷ ተገትሮ ሦስት ሰው ነበር የያዛት። ዛሬም በዚያ ሕግ አትጸጸትም። የማይጸጸቱበት ነገርም ግን ሊያስርብ ይችላል።

የአጎቷ ሚስት እትዬ ዘርትሁን በዚህ ሕግ ነው የተያዙት። አንድ ቀን ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። ይመኙሻል «በቃኝ» ስትል «ኧረ ብዪ እንጂ፣ በሞቴ» አሉና ቁራሽ ጨመሩላት። ጎረሰች። ክንዱ ዋጥ እስክታደርግ ጠብቆ «ሐሳብዎን የቀየሩት በጫና ነው?» ብሎ ጠየቃት። ቀልድ መስሏት እየሳቀች «አዎ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሕንጻው በር ለእትዬ ዘርትሁን አይከፈትም። ቂማቸውን አልረሱም፤ በደረሱበት ሁሉ «የካሣው ልጅ በዳቦዬ በር ዘጋችብኝ» እያሉ ነው። ጥያቄው በድጋሚ ቢመጣ ይመኙሻል «አይደለም» ብላ መዋሸት አትችልም። ስትዋሽ ሰውነቷ ይገተራል፤ ያንን መገተር ደግሞ ከክንዱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ እስከ ባለፈው ሰኔ ድረስ ሰዓዳ ነበረች።

ሰዓዳ እንድሪስ ፈቃድ ያላት የቤት ለቤት ረዳት ናት፤ በከተማው የቀሩት የሰው ረዳቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ማክሰኞና ቅዳሜ ትመጣ ነበር። ፈቃድ ያለው ረዳት ሲገባ ክንዱን ማጥፋት ይችላል። የሰዓዳ የመጀመሪያ ሥራ ይኼ ነበር። «ሂድ ጥግህን ያዝ፤ ዓይንህን ጨፍን» ትለዋለች፣ እሱም ሄዶ ይቆማል። ከዚያ ሽሮ ሠርታ፣ ፈትፍታ፣ በርጩማዋን ከዊልቸሩ አጠገብ ታስጠጋለች።

«በ...ቃኝ» ትላለች ይመኙሻል።

«መች ጀመርሽና ነው የሚበቃሽ?»

«በቃኝ፣ እታለም።»

«በሞቴ። ይቺን ብቻ።»

«እንቢ።»

«ሰዓዳ ትሙት። አንዷን። ወላሂ ከዚህ በኋላ አልነካሽም።»

ከዚህ በኋላ ሁለት ታጎርሳታለች። ይመኙሻል እያጉረመረመች ትበላለች፤ አንዳንዴ ሳቋ ያመልጣትና ሽሮው ሰዓዳ ሻርፕ ላይ ያርፋል። የምር ያልፈለገች ቀን ደግሞ ሰዓዳ ገና ፊቷን አይታ እጇን ትመልሳለች። ሁለቱን በቃኝ እንዴት እንደምትለይ ይመኙሻል አንድ ጊዜ ጠይቃት ነበር። «እኔ እንጃ፣ ሳይሽ ነዋ» አለቻት።

ሰኔ ላይ ስክሪኑ በርቶ ዓመታዊውን ጥያቄ አቀረበ። ሰዓዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«ወይዘሮ ሰዓዳ እንድሪስ በሚቀጥለው ዓመትም መምጣታቸው እንዲቀጥል ይፈልጋሉ?»

የሰዓዳ ጉልበት ከባለፈው ክረምት ጀምሮ ያብጣል። ልጇ ሐይቅ ከተማ ገና መውለዷ ነው። ሴትዮዋ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ጉልበቷ አብጦ፣ የልጇ አራስ ቤት እየጠበቃት፣ «አዎ፣ ትምጣልኝ» ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል?

«አይ» አለች ይመኙሻል። «እሷ ትረፍ እንጂ። ለኔ ብላ አትቸገር።»

ሰዓዳ የሚባለውን ልትል አፏን ከፈተች። ምን መቸገር አለው፣ ደስ እያለኝ ነው የምመጣው፣ ልትል። ይመኙሻል ደግሞ እንደገና እንቢ ልትል፣ ሰዓዳ ልትቆጣ፣ በመጨረሻ ይመኙሻል «እንግዲህ ካልሽ» ልትል። ነገሩ ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ስክሪኑ ቀደማቸው።

«ምርጫዎ ተከብሯል። የወይዘሮ ሰዓዳ አገልግሎት በዛሬው ቀን ተጠናቋል። ስለነበራቸው ትጋት እናመሰግናለን።»

ተያዩና ሳቁ።

«አሁንስ ቀለደብን» አለች ሰዓዳ። ልብሱን አጣጥፋ ጨረሰች፣ የይመኙሻልን አገጭ በፎጣ ጠረገች፣ ሻርፗን አስተካከለች። በሩ ላይ «በይ ማክሰኞ» አለች። ይመኙሻልም «ማክሰኞ» አለቻት።

ማክሰኞ ዕለት ክንዱ ምሳ እያበላት ሳለ «አንዲት ሴት ከታች በር ላይ ቆመው ነበር» አላት። «ውል ስለሌላቸው ተመልሰዋል።»

ይመኙሻል ሰዓዳ እንደ እንግዳ እንድትገባ ጠየቀች። ውሉ ያለቀ ረዳት እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ እንግዳ መሆን አይችልም ተባለች፤ በደንበኛው ላይ ጫና እንዳይፈጠር ነው።

በሳምንቱ ደወለችላት። ስልኩ የራሷን ድምፅ በደንብ ስለማያሳልፍ በምትክ ድምፁ ነበር ያወራችው።

«እንዴት ነሽ፣ እታለም?»

«አልሐምዱሊላህ። አንቺስ፣ ይመኙዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበትሽስ?»

«ደህና ነው። ክንዱ ደህና ይዞሻል?»

«ደህና ይዞኛል።»

ሰዓዳ «ነይልኝ» እስክትባል ትጠብቃለች። ይመኙሻል «ልምጣ እንዴ?» እስክትባል ትጠብቃለች። ስልኩ ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል። ምትክ ድምፁ ዝምታው ስለረዘመበት በራሱ ጊዜ «ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ» ብሎ ዘጋው።

ክረምቱ ገባ። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ድምፁ እስከ ላይኛው ፎቅ ይደርስ ነበር። ይመኙሻል ያረመቻቸው መጻሕፍት በዙ፤ ዓይኗ እስኪቀላ ትሠራለች፣ ሌላ ምን ትሥራ። ማክሰኞና ቅዳሜ ግን መሥራት ያቅታታል። በርጩማው እንደተቀመጠ ነው። ክንዱ ወለሉን ሲያጸዳ ያነሳውና መልሶ እዚያው ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እንዲያነሳው የነገረው ስለሌለ። ሰው ናፈቃት። ሰው ሁሉ አልናፈቃትም፤ አንዲት ሰው ናት የናፈቀቻት፣ እሷም ስታጎርሳት ጣቶቿ ሽንኩርት የሚሸቱ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ነገር ሞከረች።

«ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ ስልህ ለምነኝ» አለችው ክንዱን።

«በራስዎ ትእዛዝ ከሆነ ይፈቀድልኛል» አለ። ለሰው እንዲህ ያለ ፈቃድ መስጠት አይቻልም፤ ፈቃዱ ራሱ በጫና የተሰጠ ሊሆን ይችላልና። ለክንድ ግን ይቻላል። «በምን ቃል ልለምንዎ?»

አሰበች። «በሞቴ በለኝ።»

እራት ላይ ክንዱ ማንኪያውን ሲያቀርብ ልቧ ትንሽ መታ፤ እንግዳ እንደምትቀበል ሴት ሆና ነበር።

«በቃኝ።»

«ይብሉ። በሞቴ።»

«በቃኝ አልኩ።»

«ይብሉ። በሞቴ።»

ሳቋ መጣ። አንዴ ሲጀምራት ደግሞ አይለቃትም፤ አንገቷ ወደ ኋላ ሄደ፣ እግሮቿ ተገተሩ፣ ክንዱ ማንኪያውን አስቀምጦ ትከሻዋን በለስላሳው መዳፉ ያዘ።

«ማን ሊሞት ነው?» አለችው ትንፋሿ ሲመለስ።

«ጥያቄውን አልተረዳሁትም።»

«አንተ ትሞታለህ ወይ?»

«አልሞትም።»

«እንግዲያው ተወው።»

«ትእዛዙ ተሰርዟል» አለና ሳህኑን አነሳ። ያኔ አለቀሰች። ክንዱ ፊቷን ጠረገላት፤ በልኩ የሞቀ፣ በልኩ የረጠበ ጨርቅ ነበር። ስትጨርስ «እንባዎ ተመዝግቧል፤ ሐኪም ላገናኝዎ?» ብሎ ጠየቃት። እሷም እንደ ልማዷ «አይ፣ ደህና ነኝ» አለችው።

ነሐሴ ላይ ለእንክብካቤ ማዕከሉ ቅሬታ አቀረበች። ቀጠሮው በስክሪን ነበር። ቅሬታ ሰሚዋ ወይዘሪት ኤልዳና ትባላለች፤ ሰው ናት። ይህን መግለጽ ያስፈለገው አብዛኞቹ ስላልሆኑ ነው። ሰዓዳም ከሐይቅ እንድትገኝ ተደርጓል። ከጀርባዋ የሕፃን ልብስ የተሰጣበት ገመድ ይታያል።

የይመኙሻል ዓይን ወዲያው የፈለገው ጉልበቷን ነው፤ ግን ስክሪኑ ከደረት በታች አያሳይም።

«ጉዳዩን እንደገና ለመክፈት የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው» አለች ኤልዳና። ቀስ ብላ፣ በትሕትና ነበር የምታወራው። «ንጽሕናዎን አይቻለሁ፣ መድኃኒትዎን አይቻለሁ፣ ሁሉም የተሟላ ነው። ክብደትዎ ቀንሷል፤ ግን በየማዕዱ በቃኝ ብለዋል፣ ያ የእርስዎ ምርጫ ነው። ወይዘሮ ሰዓዳ ያደርጉልዎት የነበረ፣ ክንዱ የማያደርገው ምንድን ነው?»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። በቃኝ ካልኩ በኋላ ታጎርሰኛለች። እንቢ ስላት ትለምነኛለች፣ በሞቷ ትማጸነኛለች፣ ትቆጣኛለች። ያንን ብትናገር የሰዓዳ ፈቃድ በዚያችው ደቂቃ ይሰረዛል። ሰዓዳ ሌላም የምትረዳው ሰው አላት፤ ዓይናቸውን ያጡ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፣ ከሰው ወገን የምታናግራቸው እሷ ብቻ ናት። ሕጉን ደግሞ ያወጣችው ሰው እዚሁ ዊልቸሩ ላይ ተቀምጣለች።

«ጨዋታ» አለች በምትክ ድምፁ።

«የጨዋታ አገልግሎት ቤትዎ ውስጥ አለ። ከግንቦት ወዲህ አልከፈቱትም።»

«ምግቧ ይጥመኛል።»

«አሠራራቸውን ለክንዱ ማስተማር እንችላለን፤ ወይዘሮ ሰዓዳ ፈቃደኛ ከሆኑ።»

«ምን ቸገረኝ፣ ውሰዱት» አለች ሰዓዳ።

«ሌላስ?» አለች ኤልዳና። መልሱን እንድታገኝላት የምትፈልግ ይመስላል። «ሌላ ምንም ነገር የለም?»

ሰዓዳ ከስክሪኑ ዓይኗን አልነቀለችም። እሷም መልሱን ታውቀዋለች። ይመኙሻል እንዳትናገረው በዓይኗ ትለምናት እንደሆነ ወይም እንድትናገረው ትለምናት እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር።

«ምንም» አለ ምትክ ድምፁ። ቃሉን በጣም አሳምሮ ነው ያለው።

ኤልዳና ወደ ሰዓዳ ዞረች። «እርስዎስ ወደ ሥራው መመለስ ይፈልጋሉ?»

«እኔማ ሰው ማስቸገር አልወድም» አለች ሰዓዳ። «እረፊ ካለችኝ አረፍኩ።»

ይመኙሻል ድምፁን ለየችው። ልብስ አጣጥፋ ስትጨርስ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቆዪ እንድትባል የምትፈልግበት ድምፅ ነው። ኤልዳና ግን አላወቀችውም፤ ከየት ታውቀዋለች።

«ስለዚህ በሁለቱም በኩል ፍላጎት የለም ማለት ነው» አለች። ከልቧ አዝና ነው ያለችው።

ይመኙሻል ምትክ ድምፁን በዓይኗ አጠፋችው።

«በ...» አለች። አገጯ ተንቀጠቀጠ። ኤልዳና በትዕግሥት ትመለከታታለች፤ የማይገባው ሰው የሚያሳየውን ፈገግታ ይዛ። «...ሞ...» ቀኝ ክንዷ ተነስቶ ደረቷን መታ። ምራቋ ወረደ። «...ቴ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ነ...ይ።»

«ይቅርታ፣ ምን አሉ?» አለች ኤልዳና።

ሰዓዳ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ዞራ ነበር። የሕፃን ልብሱን የምታስተካክል መሰለች። ደንበኛ ሠራተኛን ቢለምንም ጫና ነው፤ ቅሬታ ሰሚዋ ቃሉን ብትሰማው ሁለቱ እስከ ዘለዓለሙ በእንግድነት እንኳ አይገናኙም። ይህን ሰዓዳ ከሥልጠናዋ ታውቃለች።

«ደህና ሁኑ ነው ያለችው» አለች ስትመለስ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«እርስዎም ደህና ይሁኑ» አለች ኤልዳና፣ ጉዳዩም ተዘጋ።

መስከረም አለፈ። ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ክንዱ ይመኙሻልን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጧት ሳለ የታችኛው በር ጮኸ።

«ወይዘሮ ሰዓዳ እንድሪስ በእንግድነት ለመግባት ይጠይቃሉ። ጠርተዋቸዋል?»

አልጠራቻትም። ልትጠራት አስባ፣ ቃሉን ደጋግማ አዘጋጅታ፣ ጉልበቷን እያሰበች ትታዋለች።

«ት...ግባ» አለች።

ሰዓዳ በከዘራ ገባች። ከስታለች፤ ወይም ይመኙሻል ረስታት ነው። በፎጣ የተጠቀለለ ሳህን ይዛለች። ይመኙሻልን ግራና ቀኝ ሳመቻት፣ ከዚያ አንዴ ደግማ ሳመቻት፣ ከዚያ ቀና ብላ አየቻትና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። በርጩማው ቦታው ላይ ነበር።

«ሳትጠሪኝ መጣሁ» አለች።

«አ...ወቅሁ።»

«ምኑን?»

«እንደ...ምት...መጪ።» አላወቀችም ነበር። ሰውነቷ ትንሽ ተገተረ፣ ሰዓዳም አየችውና ሳቀች።

ክንዱ ከጥጉ መጣ። አሁን ሰዓዳ እንግዳ ናት፤ ሂድ ቁም ልትለው አትችልም። ፎጣውን ገለጠ፣ ሽሮ ፍትፍቱን መረመረ። «ጨው ትንሽ በዝቷል። ይፈቀዳል» አለ።

«ጨው ቀማሽ ሆንክ ደግሞ» አለችው ሰዓዳ።

ክንዱ ማንኪያውን አንስቶ ማብላት ጀመረ። ሰዓዳ እጆቿን ሻርፗ ሥር ደብቃ ትመለከታለች። በራሷ እጅ የፈተፈተችውን በሌላ እጅ ሲያጎርሱባት ማየት እንዴት እንደከበዳት ፊቷ ይናገራል። አንድ ጊዜ እጇ ሳታውቀው ተነሳና ክንዱ «እንግዳዋ እጃቸውን ይመልሱ» አላት። መለሰች።

«በ...ቃኝ» አለች ይመኙሻል።

«ምርጫዎ ተከብሯል።»

ማንኪያው ወደ ሳህኑ መመለስ ጀመረ። ሰዓዳ የእትዬ ዘርትሁንን ታሪክ ታውቃለች፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ዝም ካለች በሚቀጥለው ወር ትመጣለች፣ ከዚያም በሚቀጥለው፤ እዚህ በርጩማ ላይ እጇን ደብቃ ትቀመጣለች፣ ይመኙሻልም በቃኝ እያለች ትከሳለች። ከተናገረች በሩ ለመጨረሻ ጊዜ ከኋላዋ ሊዘጋ ይችላል። የይመኙሻልን አንጓ አየች። የእጅ ሰዓቷ ላልቶ ወደ ክርኗ ተንሸራቶ ነበር።

«በሞቴ» አለች ሰዓዳ ቀስ ብላ። «ይቺን ብቻ፣ ይመኙዬ።»

ክንዱ ሐዲዱ ላይ ቆመ። ይመኙሻል እሷንም እሱንም አየች።

«አም...ጣው» አለችው።

ማንኪያው ተመለሰ። አፏን ስትከፍት ከሰኔ ወዲህ ያልከፈተችውን ያህል ነበር የከፈተችው። ፍትፍቱ ገባ። ጨው በዝቶበታል፤ እውነቱን ነው።

«ሐሳብዎን የቀየሩት በጫና ነው?» አለ ክንዱ።

ሰዓዳ ከዘራዋን ያዘች። እውነቱ አንድ ነው፤ ይመኙሻል ደግሞ መዋሸት አትችልም። አፏ ግን ሙሉ ነበር። ክንዱም ሕጉን ያውቃል፤ አላምጣ እስክትውጥ ይጠብቃል።

ይመኙሻል ወደ ሰዓዳ ዓይኗን አነሳች፤ ከዚያም በዓይኗ በርጩማውን አሳየቻት። ሰዓዳ ትንሽ ቆይቶ ገባት። ከዘራዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ በርጩማዋን ጠጋ አደረገችና ስለ ልጅ ልጇ ታወራላት ጀመር። ጥርስ ማብቀል ጀምሯል፣ ያገኘውን ይነክሳል፣ የአባቱን ጣት ነክሶ ጉድ አድርጎታል። ጉልበቷን አንድ ስሙን የረሳችው ሐኪም አይቶላት ነበር። ሙሄ ደህና ናቸው። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቱ ክንድ ሲጥ ሲጥ እያለ አለፈ። የእነሱ ክንድ መልሱን እየጠበቀ አጠገባቸው ቆሟል፤ ይመኙሻል ጉርሻውን በግራ ጉንጯ ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ ታላምጣለች።